ግሮሰሪው ይከፈታል፤ ከዚያስ?

ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና ላይ አንድ ወዳጃችን ማኪያቶ ጋበዘንና ጠረጴዛው ላይ አንድ የደብተር ቅጠል ዘረጋልን። “ግሮሰሪ ልከፍት ነው፤ እስኪ በጀቱን እዩልኝ” አለን። (ውጭ የምትኖሩ ዘመዶቻችን፣ ግሮሰሪ ስንል ሽንኩርትና እንቁላል የሚሸጥበት ቤት እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር ግሮሰሪ ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው።) እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት እንጂ አካውንቲንግ አይደለም። ቢሆንም ወረቀቱን ለማንበብ አላቃተንም። ያስጨነቀን እዚያ ላይ ያልተጻፈው ነው።

የተጻፈው ይኸው፦ የቁልፍ፣ የ6 ወር ኪራይ፣ ባንኮኒ፣ ፍሪጅ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ስፒከር፣ ቀለም፣ ለምርቃቱ የሚታረድ በግ። ድምሩ ወንድሙ ከላከለት ገንዘብ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። አንድ ብር አልተረፈም። ወዳጃችን ይህንን እንደ ጥሩ ምልክት ነው ያየው። እኛ ግን ደነገጥን።

ወንድምየው ደቡብ አፍሪካ ነው። ለሀድያና ለከምባታ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ እዚያ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ያ ገንዘብ በፍርግርግ ብረት ጀርባ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የተለቀመ ነው። በግንቦት 2000 እና በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ አይተናል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ወደዚያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማላዊ ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው የተባሉ ከ20 በላይ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀብረው ተገኙ። ስለዚህ “ቢከስር ይክሰር፣ ሞክሬ አየሁት” የሚባልበት ገንዘብ አይደለም።

እናላችሁ፣ ወረቀቱን ገልብጠን ጀርባው ላይ ሌላ ሂሳብ ጀመርን። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ የየከተማችሁን አስገቡበት። በወር ኪራይ 25 ሺህ፣ የ3 ሠራተኛ ደሞዝ 15 ሺህ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ዲኤስቲቪና የጄነሬተር ነዳጅ 8 ሺህ፣ ለግብርና ለጥበቃ የሚቀመጥ 6 ሺህ እንበል። 54 ሺህ ብር ሆነ። በቀን 1,800 ብር ማለት ነው። ከአንድ ጠርሙስ ቢራ 15 ብር ቢተርፍ፣ 24 ጠርሙስ ከሚይዘው ሳጥን 360 ብር ይገኛል። እንግዲህ ወዳጃችን ለራሱ 5 ሳንቲም ሳያስቀር ቤቱን ክፍት ለማድረግ ብቻ በቀን 5 ሳጥን መሸጥ አለበት። 120 ጠርሙስ! አንድ ሰው 3 ቢጠጣ፣ በየማታው 40 ሰው ያስፈልገዋል። ሰኞም፣ ዝናብ ሲዘንብም፣ መብራት ሲጠፋም።

“40 ሰው ምን አላት!” አለን። ጎበዝ፣ እስኪ እንቁጠራቸው።

በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሀድያ ዞን ከ4 ሰው 3 ያህሉ፣ በያኔው ከምባታ ጠምባሮ ዞን ደግሞ ከ10 ሰው 8 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። በአብዛኞቹ አጥቢያዎች አልኮል ነውር ነው። ተደብቆ የሚጠጣ የለም አንልም። ተደብቆ የሚጠጣ ሰው ግን ዋና መንገድ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በሚያልፍበት በር አይገባም። ወዳጃችን ደግሞ ብዙ ኪራይ የሚከፍለው ለዚሁ ለመንገድ ዳር ቦታ ነው! ከቀሩት ኦርቶዶክሶች ብዙዎቹ በሁዳዴ 55 ቀን ከቢራ ይርቃሉ፤ ኪራዩ ግን አይጾምም።

“የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ” አለን ቀጥሎ። አለ፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ገና የገባ ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 21 አልሞላውም።

በመስከረም ያሆዴና መሳላ ሲደርሱ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከተማውን ይሞላዋል። ብዙ አዲስ ቤትም ያንን ሰሞን ጠብቆ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ይጠፋል፤ ባለቤቱም “ይኸው ተሳካ” ብሎ ተጨማሪ ወንበር ይገዛል። በጥቅምት እንግዳው ይሄዳል፤ ወንበሩ ይቀራል።

ሌሎችም ያልተጻፉ ነበሩ። ባዶ ሳጥንና ጠርሙስ ከሌለህ ቢራ አይሰጥህም፤ እሱም ገንዘብ ነው። የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ደጅ ጥናት ቀን ይበላል፤ በሩ ተዘግቶም ኪራዩ ይቆጥራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ፍሪጅ በአምና ዋጋ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ሴቶች ስለሆንን ዓይናችን ቶሎ ያረፈበት አንድ ነገር አለ። ወዳጃችን ለአስተናጋጇ የጻፈው ደሞዝ ከስፒከሩ አንድ ገመድ ዋጋ አይበልጥም ነበር። “ቲፕ ታገኛለች” አለን። ቲፑን ከማን፣ በምን ሁኔታ፣ በስንት ሰዓት እንደምታገኝ ግን በጀቱ ውስጥ አልገባም። እላይ 15 ሺህ ያልነው እኛ ነን።

ታዲያ አይከፈት? አላልንም። ያልነው አጭር ነው። የ6 ወር ወጪ፣ በእኛ ምሳሌ 324 ሺህ ብር፣ መጀመሪያ ባንክ ይቀመጥ። 1 ሚሊዮን ያለው ሰው ግሮሰሪውን በ676 ሺህ ይክፈት። ለዚያ የማይበቃ ከሆነ ከዋናው መንገድ ገባ ይበል፣ ቴሌቪዥኑን ያሳንስ፣ በጉን ይተወው። ደግሞም የማይጠጣው ሕዝብ ይበላል፤ ምሳ ላይ ክትፎ በቆጮ ወይም አታካና የሚያቀርብ ቤት የ4ቱንም ሰው ገንዘብ ያያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቁልፍ ተቀብሎ በዓመቱ ቁልፍ የሚሸጠውን አይተናል።

ወዳጃችን “እናንተ ጨለምተኞች ናችሁ” ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ምናልባት ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ለምነነዋል፦ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለወንድሙ ይላክለት። ከፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም። ገንዘቡን የለቀመው ሰው የጥቅምትን ሂሳብ ቀድሞ ማየት ይገባዋል።

ቸር እንሰንብት።