የእንግሊዝኛን ቃላት ከነቤተሰባቸው እናስተምር

ለተማሪዎች የሚዘጋጁ የእንግሊዝኛ ቃላት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አላቸው፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው፣ ከ«ኤ» ተነሥቶ እስከ «ዜድ»። ቃል ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ አደራደር የለም፤ ለመማር ግን ከዚህ የከፋ ማግኘት ይከብዳል። የመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ያገናኛቸውን ባዕዳን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ዘመዳሞቹን ደግሞ በየገጹ ይበትናል። ተማሪው «ሳይን»ን «ኤስ» ላይ፣ «ዲዛይን»ን «ዲ» ላይ፣ «ሪዛይን»ን «አር» ላይ ያገኛቸዋል፤ እንደማይተዋወቁ ቆጥሮም ሦስት ጊዜ ይሸመድዳል። የቃላት ትምህርት መደራጀት ያለበት ቃላቱ በሚጋሩት ሥር እንጂ በመጀመሪያ ፊደላቸው አይደለም።

የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሥርዓት የለውም የሚለው ክስ የቆየ ነው፤ ያለ ምክንያትም አልተነሣም። 26 ፊደላት 44 ያህል ድምፆችን ይሸከማሉ፤ ተጽፈው የማይነበቡ ፊደላትም ሞልተዋል። ሆኖም ጆሮ የማይሰማው ፊደል ብዙ ጊዜ የዝምድና ምስክር ነው። «ሳይን» ሲጻፍ በውስጡ የማይነበብ «ጂ» አለ። ያው «ጂ» «ሲግናል» እና «ሲግኒቸር» ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ «ሪዛይን» ላይ ተደብቆ «ሬዚግኔሽን» ላይ ብቅ ይላል። የሁሉም መነሻ ምልክት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ፊርማ ሰው ወረቀት ላይ የሚያኖረው ምልክቱ ነው፤ ዲዛይን ምልክት እያደረጉ መንደፍ ነው፤ የ«ሪዛይን» ሥራ መልቀቅ የሚለው ፍቺም ማኅተም ፈትቶ ከመሻር የመጣ ነው። ሁለት ቁጥርን በፊደል ስንጽፍ «ቲ»ን ተከትሎ የሚመጣው «ደብልዩ»ም እንዲሁ ነው። ለምን እንደሚጻፍ ለጠየቀ ልጅ «ዝም ብለህ ያዘው» ማለት ተገቢ መልስ አይደለም። መንታ ማለት የሆነው «ትዊን»፣ 12 የሚለው «ትዌልቭ»፣ 20 የሚለው «ትዌንቲ»፣ ሁለት ጊዜ የሚለው «ትዋይስ»፣ በሁለት ነገሮች መካከል የሚለው «ቢትዊን» ሁሉም ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን ይዘዋል፤ በሁሉም ውስጥ ሁለትነት አለ። «ደብልዩ»ን ከቁጥሩ ላይ ብናነሣው ንባቡ ይቀላል፤ ቤተሰቡ ግን ይፈርሳል።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈትና መጽሐፍ ከአንድ ግንድ እንደወጡ ሰዋስው ሳይማር በልማድ ይገነዘባል። በእንግሊዝኛ የሚለየው ሥሩ ብዙውን ጊዜ ሳይበተን ቆሞ ከፊትና ከኋላ ቅጥያ መቀበሉ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበያችንና ቢሯችን ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ትራንስፖርትና ሪፖርት ሲሉ ውለው ያድራሉ። «ፖርት» መሸከም ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ መልሶ ማምጣት፤ ቅጥያዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው። ተማሪው አፉ ላይ ያለውን ቃል ፈትተን ብናሳየው ገና ያላያቸውን ቃላት የሚፈታበት ቁልፍ ይይዛል።

ጉዳዩ የቋንቋ ወዳዶች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተከራከርኩ። በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህን ሁሉ ምክንያት ቋንቋ ላይ መጫን ሐሰት ይሆናል፤ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ግን የሚያውቀውን እንኳ መመለስ አይችልም። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርታዊ ቃላት ዝርዝር የያዘው 570 የቃላት ቤተሰቦችን ነው፤ እነዚህ ብቻ ከትምህርታዊ ጽሑፎች ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ሌላው ተመራማሪ ፖል ኔሽን ደግሞ ያለ እገዛ መጽሐፍ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 ቤተሰቦች እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። ሁለቱም የቆጠሩት በቤተሰብ ነው። በቀን 5 ቤተሰብ የሚያጠና ተማሪ 8,000 ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ የሚሸመድደው መቼ ሊደርስ ነው?

ተመሳሳይ ፊደል ያላቸውን ቃላት አብሮ ማስተማር ተማሪን ያምታታል የሚል ተቃውሞ አለ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ባቲያ ላውፈር የተባለችው ተመራማሪ መልካቸው የተቀራረበ ቃላት ተማሪዎችን እንዴት እንደሚያሳስቱ በሰፊው አጥንታለች። «አዳፕት» እና «አዶፕት» በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። ግን መምታታቱን የሚፈታው ራሱ ሥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ከማስማማት፣ የሁለተኛው ከመምረጥ የመጣ ነው። «ኦፕሽን» የሚለውን የሚያውቅ ተማሪ ሁለተኛውን ከዚያ ጋር ካዛመደ አይሳሳትም። ሐሰተኛ ዝምድና መኖሩም እውነት ነው። ፓስፖርትና ኤርፖርት ላይ ያለው «ፖርት» መሸከም ሳይሆን ወደብ ነው፤ «ፊሜል» ውስጥ «ሜል» ቢታይም ቃሉ የመጣው ከሌላ ምንጭ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ አዘጋጁ የቃላትን ታሪክ የሚናገር መዝገበ ቃላት ሳያይ ቤተሰብ ማዋቀር የለበትም። መምህሩ ላቲን ይማር የሚል ግን የለም፤ በየክፍል ደረጃው 20 ሥሮች በትክክል ቢዘጋጁለት ይበቃዋል። እንደ ውሻና ኩባያ ያሉት የዕለት ቃላት በልምምድ ይያዙ፤ ይህ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ቢጀመር በቂ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች በየምዕራፉ መጨረሻ የምትደረድሩትን የቃላት ዝርዝር በሥር አዋቅሩት። መምህራንም መጽሐፉ እስኪታረም አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ሥር ሰሌዳው መሐል ጻፉና ዘመዶቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲፈልጉ ጠይቋቸው።