ዕጣ የሰጠኝ ወገን

ባለፈው ቅዳሜ የታላቅ እህቴ ልጅ ፊቷን ቋጥራ ቤቴ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ባዘጋጀው የክርክር ውድድር «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት መግባት የለባቸውም» የሚለውን ሐሳብ እንድትደግፍ ዕጣ ደርሷታል። ስልኳን ከእጇ ሳታስቀምጥ «የማላምንበትን እንዴት አድርጌ ልናገር?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሆነው ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩት።

ክርክር የወደድኩት በ1997 ዓ.ም. ነው። ከምርጫው በፊት ፓርቲዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ሳሎን ይሰበሰብ ነበር። የሚሉት ብዙም አይገባኝም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን መጠበቁ ግን ገረመኝ። (እኛ ቤት ያልተለመደ ነገር ነው።)

የድሮ ሰዎች በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ሲሟገቱ፣ አብዛኛው የሚቆመው ለገዛ ጉዳዩ ነው። በትምህርት ቤት ክርክር ግን ወገንህን ዕጣ ይመርጥልሃል። በ1988 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በተጀመረው የዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር ከየቡድኑ 3 ተናጋሪዎች 8፣ 8 ደቂቃ ይናገራሉ፤ ለአንዳንዱ ርዕስ የሚሰጣቸው የመዘጋጃ ጊዜ 1 ሰዓት ብቻ ነው። የእኛ ከዚህ ይቀል ነበር፤ 5 ደቂቃና አንድ ደወል።

ለፍጻሜ የደረስነው በ2001 ዓ.ም. ነው። ማጣሪያዎቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ለፍጻሜው ወላጆች ስለተጋበዙ በአማርኛ ሆነ። ርዕሱ «ለልጆች አስተዳደግ እናት ቤት ብትውል ይሻላል» የሚል ነበር። ዕጣው ሲወጣ ደጋፊዎቹ እኛ ሆንን። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረችው እናቴ አለቃዋን አስፈቅዳ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቴን ትቼ ስለ ቁልፉ ተናገርኩ። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የቤት ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ይንጠለጠል ነበር። እህቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነች ብቻዬን በሩን ከፍቼ ስገባ ያለውን ጸጥታ፣ የቀዘቀዘውን ምሳ፣ መብራት በጠፋ ምሽት የእማዬን ኮቴ እየጠበቅሁ የተቀመጥኩበትን ደረጃ ነገርኳቸው። ደወሉ ሲደወል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሁሉም እውነት ነው። ግን እማዬ ምሳውን ለመሥራት ሌሊት 11 ሰዓት እንደምትነሳ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከእሷ ደመወዝ እንደሚወጣ አልተናገርኩም። እሱ የሌላው ወገን ነጥብ ነዋ! ዛሬ በማርኬቲንግ ሥራዬም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚሸጠውን ግማሽ መርጬ አሳያለሁ። ሳሙና ግን ቅር አይለውም።

አሸነፍን። ሽልማቱ መዝገበ ቃላት ነበር። ታክሲ ውስጥ እማዬ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ዝም አለች።

«ዕጣ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

ሰፈር ልንደርስ ስንል «ቁልፉ ያን ያህል ከብዶሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ መልስ ያላጣሁት ልጅ ለእሷ መልስ አጣሁ።

እንዲህም ሆኖ ክርክርን አልጠላሁም። የእህቴን ልጅ በመጀመሪያ የተቃዋሚዎቿን ጠንካራ ነጥቦች እንድትጽፍ አደረግኋት። ሁለት ገጽ ሞላች። ከዚያ የራሷን ስትጀምር ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳችውም።

«ለመሆኑ ማን ሊያይሽ ይመጣል?» አልኳት።

«አያቴ።»

ማታ ለእማዬ ደወልኩ። «እመጣለሁ» አለች፤ ሳቋ እየተሰማኝ። «ግን ምሳሌ ስትፈልግ ከእኔ ቤት እንዳትወስድ ንገሪያት።»