አዲሱ መሣሪያና የአስተማሪው የመንፈስ ጽናት

የትምህርት ቤት ምሰሶ አስተማሪ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። ምሰሶ የሚጸናው ግን ሸክሙ ሲመጠንለት ነው። ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ክፍል በገባበት በዚህ ዘመን፤ መሣሪያው ምን ያህል ያውቃል ብለን ስንጠይቅ፤ አስተማሪውስ በምን መንፈስ ይሠራል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለዚህ የደቡብ ኮርያ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ. ም. የዚያች አገር አስተማሪዎች የአንዳንድ ወላጆች ክስና ወቀሳ ስላስመረራቸው፤ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሆነው በሴውል አደባባይ ተሰለፉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት መብታቸውን የሚጠብቁ ሕጎችን አወጣ። የትምህርት ሚኒስቴሩ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የመማሪያ መጽሐፍ እንደሚያስገባ ያስታወቀውም በዚሁ ዓመት ነበር። መጽሐፉ የእያንዳንዱን ተማሪ ችሎታ እየመዘነ ልምምድ ይመርጥለታል ተባለ።

የአስተማሪዎች ማኅበራት ዝግጅቱ ጥድፊያ በዝቶበታል ሲሉ ተቃወሙ። ቢሆንም በመጋቢት 2025 በሒሳብ፤ በእንግሊዝኛና በኮምፒዩተር ትምህርት ሥራ ተጀመረ። ዓመቱ ሳይሞላ፤ በነሐሴ ወር፤ ምክር ቤቱ የመማሪያ መጽሐፍነቱን አንሥቶ ተጨማሪ መሣሪያ ብቻ እንዲሆን ወሰነ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? አስተማሪን የሚያዝለው የመሣሪያው አዲስነት ብቻ አይደለም። መሣሪያውን የሚመርጠው ሌላ ነው፤ ልጁ ሳይገባው ሲቀር ግን ወላጅ የሚጠይቀው አስተማሪውን ነው። ሳይማከሩ የተቀበሉት ኀላፊነት ብርቱውንም ሰው ያደክማል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጽና» ብሎ መምከር ሸክሙን አያቃልልለትም።

ይህን ስንል መሣሪያውን መንቀፋችን አይደለም። መልመጃ በማዘጋጀትና በማረም ቢረዳው፤ የተረፈው ሰዓት ለተማሪው ይውላል። ያ ሰዓት በአዲስ ሪፖርት ከተሞላ ግን ዕረፍቱ የስም ብቻ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምትማሩም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምትነድፉ ወጣቶች፤ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አስተማሪውን አማክሩ፤ የሚለማመድበትን ጊዜ ከሥራ ሰዓቱ ስጡት፤ መሣሪያው ሲሳሳት ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ወስኑ። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለአምሳ ሰው ጌጡ ነውና፤ ኀላፊነቱ ሲከፋፈል አስተማሪው ይጸናል።