ሐዲድ መቀየሪያው እምቢ ሲል



ገና ሲቃረብ እዚህ ስዊዘርላንድ በብዙ ቤት የመጫወቻ ባቡር ከካርቶኑ ይወጣል። ባቡሩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ «ሐዲድ መቀየሪያ» ይባላል። ጄኔቭ ያላችሁ «ኤግዊያዥ»፣ ዙሪክ ያላችሁ ደግሞ «ቫይኸ» የምትሉት ነው። በሪሞት የሚታዘዘው መቀየሪያ ቁልፉን ብንጫነውም አልንቀሳቀስ ሲል ምን እናድርግ?

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። እዚያም እዚህም ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሁሉንም አንድ ላይ ከነካካን ባቡሩ ቢሄድ እንኳ ምን እንዳዳነው አናውቅም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ!

መጀመሪያ በጣት ሞክሩ። ትራንስፎርመሩን ከሶኬት ንቀሉና የሚንቀሳቀሱትን ቀጫጭን ሐዲዶች ቀስ ብላችሁ ግፉ። በቀላሉ ካልሄዱ ፀጉር፣ የምንጣፍ ክር ወይም ትንሽ ጠጠር ይዟቸው ይሆናል። በደረቅ ብሩሽ አጽዱ።

ሁለተኛ በጆሮ ስሙ። ሶኬቱን መልሳችሁ ሰኩና ቁልፉን አንዴ ተጫኑ። «ቀጭ» ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ወይ የያዘው ነገር አለ፣ ወይ ኃይሉ አንሷል። ዝም ካለ ግን ኮረንቲው ወይም ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል።

በብዙዎቹ መቀየሪያዎች ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። ኮረንቲ ሲገባባቸው እንደ ማግኔት ይስባሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። የተሠሩት ኮረንቲ ለአፍታ ብቻ እንዲያገኙ ስለሆነ ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ሊያቃጥላቸው ይችላል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው ንቀሉ። ትራንስፎርመሩን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ 230 ቮልት ይገባበታል።

ሦስተኛ አለዋውጡ። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ የታመመውንና ደህና የሚሠራውን መቀየሪያ ገመዶች አቀያይሩ። አሁንም እምቢ የሚለው ያው መቀየሪያ ከሆነ የታመመው እሱ ራሱ ነው። በዚያ ገመድ ደህናውም እምቢ ካለ ችግሩ ገመዱ ወይም ትእዛዝ ተቀባዩ ዲኮደር ላይ ነው።

አራተኛ አድራሻውን እዩ። በዲጂታል ባቡር እያንዳንዱ መቀየሪያ እንደ ቤት ቁጥር የራሱ ቁጥር አለው። የአንዳንድ መቆጣጠሪያዎች አቆጣጠር በ4 ስለሚለያይ 1ን ስትጠሩ 5 «አቤት» ሊል ይችላል።

የአንድ ጓደኛዬ ልጅ የሚኖረው ለ ሊኞን፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ሕንፃ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት አያቱ ከድሬዳዋ ሊጠይቋቸው መጡ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ልጁ እንዳይሳሳት ስለሚፈራ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» አያልፍም ነበር። መቀየሪያው የቆመ ዕለት ግን ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ድምፅ የለውም።»

«እንግዲያው ኮረንቲ አልደረሰውም፣ የኔ ልጅ። ሽቦውን ተከተል።»

ገመዶቹን ሲያለዋውጡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከመሰኪያዋ ወጥታ አገኟት። ሽቦ ፍለጋ ላይ ሰዋስው የሚያርም የለም፤ ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ አወራ። አያትየው ደግሞ «ኤግዊያዥ» ሲሉ ልጁ አፉን ከፈተ። ለካ በቀድሞው ምድር ባቡር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር! አዲስ አበባ ያለው «ለገሃር» እንኳ «ላ ጋር» ከሚለው የመጣ ነው።

ዙሪክም ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ከዐፄ ምኒልክ የተቀበለው ዙሪክ የተማረው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በግራውቡንደን ተራሮች ላይ እንደሚሄደው ቀይ ባቡር ማለት ነው። የድሬዳዋውን ባቡር በትንሹ መሥራት የሚፈልግ ሰው የቀዩን ባቡር የመጫወቻ ሐዲድ መጠቀም ይችላል።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ቤታችሁ ውስጥ እምቢ ሲል፣ አባባን ወይም እማማን ጠርታችሁ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጮክ ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ፦ በእጅ ይንቀሳቀሳል? ድምፅ አለው? ሌላው ይሠራል?

ስልክም ቢሆን ይሠራል፤ ድሬዳዋ ድረስ መደወል ይቻላል።