ርካሽ ለማን?

አቼቶ ርካሽ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በማሕፀን በር ላይ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቦታ ካለ ይነጣል። ማይክሮስኮፕ አያሻም፤ የሠለጠነች ነርስ ትበቃለች። በሕንድ አገር የሙምባዩ ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል 150,000 ያህል ሴቶችን ይዞ ባካሄደውና ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. በተነገረው ጥናት፣ ጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በዚሁ ዘዴ በበሽታው የሚሞቱትን በ31 በመቶ ቀንሰዋል።

ታዲያ ጠባችን ከምን ጋር ነው? «ርካሽ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። ርካሽ ለማን?

በይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ የምትኮተኩት እናት ዋጋ የምትቆጥረው በአሲዱ ጠርሙስ አይደለም። የሚቀርባት የቀን ሥራ አለ፤ የባጃጁ ሒሳብ አለ፤ ልጅ የሚይዝላት ሰው አለ፤ «የት ዋልሽ?» ለሚላት ባሏ የምትሰጠው መልስ አለ። «ነጭ ነገር ታየ» ከተባለችና ማከሚያው እዚያው ከሌለ ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት ወጥታ ደብረ ብርሃን፣ ባስ ካለም ከሸዋ ሮቢት 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ እንደነበር አንርሳ። መርምሮ ሳያክሙ መስደድ ወጪውን ከላቦራቶሪው አውርዶ በሴትየዋ ጫንቃ ላይ መጫን ነው እንጂ ርካሽነት አይደለም!

ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ደግ ነው። እናቶቻቸውስ? ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት ይመርመሩ የሚለው መመሪያ በወረቀት ላይ እንዳለ ለእነሱ ምን ይፈይዳል?

ሁለተኛው ጠባችን ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ጋር ነው። መጠይቅ ተይዞ ቆላ ይወረዳል። «ስለ በሽታው ሰምተሻል?» ይባላል። መደምደሚያው ገና ከመንገዱ በፊት የታወቀ ነው፦ «የግንዛቤ ማነስ»። እሷ ጊዜዋን ሰጠች፤ እኛ ዲግሪያችንን ወሰድን። መጠይቁ ከተሞላ በኋላ የት ሄዳ እንደምትመረመር የነገራት ማነው? ኧረ ለመሆኑ ግንዛቤ ያነሰው ማን ነው?

ቃሉንም እንየው፤ ይህ የእኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ድርሻ ነውና። «ምርመራ» የሐኪም ብቻ አይደለም፤ የፖሊስም ነው። የሸዋ ሮቢት ስም ከማረሚያ ቤቱ ጋር አብሮ በሚነሣበት አገር፣ «ለምርመራ ትፈለጊያለሽ» የተባለች ሴት ብትሸሽ ምን ይደንቃል? «ካንሰር» ሲሏት የሚሰማት ሞት ነው። ከሰውነት ያልጠፋው ቫይረስ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሚፈጅ፣ ቀድሞ ከተደረሰበትም እንደሚድን በአማርኛም፣ በአርጎብኛም፣ በኦሮምኛም አጥርቶ የሚነግራት ያስፈልጋል።

«ሥነ ጽሑፍና ማሕፀን ምን አገናኛቸው?» የሚለን አይጠፋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የብልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምር ከዚያ ተነሣ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውንና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃ። ልብ በሉ! ምርምሩ የጀመረው ሴቶቹ ከሚያውቁት ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ ከማያውቁት እንጀምራለን።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ማከሚያ ያልተዘጋጀለት ምርመራ አይጀመር፤ በታየበት ቀን ይታከም። ቅጹ በሴቲቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ጽሑፉንም ከእኛ ውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የመከረው የኤች ፒ ቪ ምርመራ ሴቲቱ ናሙናዋን ራሷ እንድትወስድ ያስችላል፤ ሌላ ሰው ፊት መገለጥ ለሚያሳፍራት ይህ ትልቅ ነገር ነውና የጤናና የምሕንድስና ተማሪዎች ጉልበታቸውን እዚህ ላይ ያውሉት። ቀጠሮውም በእሷ የገበያ ቀን ይሁን እንጂ በእኛ ሴሚስተር አይሁን።

ጥናታችሁን ከማስጠረዛችሁ በፊት ውጤቱን ይዛችሁ ይፋት ውረዱ። መጀመሪያ ሊሰሙት የሚገባቸው እነሱ ናቸው!