ግቢያችን ውስጥ ቀጋ ቢኖርስ?

ቶሮንቶ በረዶው ሲገባና ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ሲቀር፣ ቅርንጫፉ እንደ በርበሬ ቀልቶ የሚታይ ቁጥቋጦ አለ። ሬድ ኦዚየር ዶግዉድ ይሉታል። ከውጭ የመጣ ጌጥ አይደለም፤ የዚሁ አገር በቀል ነው።

የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ንቦችንና ቢራቢሮዎችን የሚጠብቅ ስትራቴጂ አጽድቋል። ነዋሪዎች በየሰፈራቸው አገር በቀል ተክል እንዲተክሉም ድጎማ ይሰጣል። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣው ዶግ ስትራንግሊንግ ቫይን የተባለው ሐረግ ያደረገውን ማየት ይበቃል፤ ሞናርክ ቢራቢሮ የምታውቀው ተክል ይመስላትና እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ የተፈለፈሉት አባጨጓሬዎች ግን ሊበሉት ስለማይችሉ ያልቃሉ።

ይህን የማነሳው ብዙዎቻችን እዚህ ሠርተን አዲስ አበባ ቤት ስለምንሠራ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ለአትክልተኛው የምናዘው ምንድን ነው? ሣር፣ ዘንባባ፣ ቡገንቪላ። ቡገንቪላ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ክፉ ነው አልልም። ላንታና፣ ማለትም የወፍ ቆሎ፣ ግን ከዚያው አህጉር ለጌጥ ተብሎ ገብቶ ዛሬ የግጦሽ መሬት ይወራል።

ታዲያ የራሳችን ምን አለን? ቀጋ አለን። ከሰሐራ በስተደቡብ ያለው ብቸኛ በቀል ጽጌረዳ እሱ ነው። ነጭ አበባው ይሸታል፣ ንብ ይጠራል፤ ቀይ ፍሬውን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የደጋ ተክል በመሆኑ የአዲስ አበባ ከፍታ ይስማማዋል። ቢጫ አበባ የሚያወጣው አምጃም፣ ለአጥር የሚሆነው ክትክታም አሉ።

«ቀጋ እኮ እሾህ ነው፣ የዱር ነው» የሚል አይጠፋም። እሾሁ ከጠርሙስ ስባሪና ከሽቦ የተሻለ አጥር ነው። የዱር መባሉ ደግሞ ያው በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ነው። እርግጥ ልጆች የሚሮጡበት መተላለፊያ ዳር አይተከልም፤ ቦታው የአጥር ጥግ ነው።

ችግኝ ሻጭ የሚያፈላው ገዢ የጠየቀውን ነው። ስለዚህ ቤት የምታሠሩ፣ ቀጋና አምጃ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ የለም ቢላችሁ ሌላውን ጠይቁ። እጽዋትና የከተማ ፕላን የምታጠኑ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ፣ የትኛው የአገር ቁጥቋጦ የአስፋልት ዳር አቧራና ጭስ እንደሚችል ብትፈትሹ ከተማዋ ትጠቀማለች። ቶሮንቶ ለዶግዉድ የሰጠችውን ክብር ለቀጋ ለመስጠት ምክር ቤት መጠበቅ የለብንም፤ በየግቢያችን መጀመር እንችላለን።