“ይሄማ አርጅቷል” ያላችሁን ቶሎ አትመኑት

ወገን፣ ዛሬ ስለ ራም እናውራ። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ ስለ ራም የሚቆረቆር ግን የለም…

ቦሌም ሂዱ መገናኛ፣ “ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ” ብላችሁ ሱቅ ስትገቡ መልሱ አንድ ነው። “ይሄማ አርጅቷል፣ ሽጠውና ላፕቶፕ ግዛ።” ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱት! ሐኪም በሽተኛውን ሳይነካ ሳጥን ሲያዝለት አስቡት እስቲ።

የማወራው ከውጭ ዩዝድ ሆነው ስለሚገቡት ትልልቅ ጥቁር ሳጥኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስለወጡት ኤችፒ ዜድ 420፣ ዴል ፕሪሲዥን ቲ3600 እና ዘመዶቻቸው። ግራፊክስ፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም አርክቴክቸር የሚሠራ ጓደኛ ያለው ሰው ያውቃቸዋል፤ ሲነሱ ወገብ ይሰብራሉ። ዜድ 420 ስምንት የራም ማስገቢያ አለው፣ እስከ 64 ጊጋ ይሸከማል። እኛ ግን በ8 ጊጋ እናሠራዋለን። አይሱዙ ገዝቶ አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻ እንደ መጫን ማለት ነው።

ፎቶሾፕና ፕሪሚየር ተከፍተው በላዩ ሃያ የክሮም ታብ ሲጨመር ራሙ ይሞላል። ኮምፒውተሩም የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲወዳደር ኤሊ ነው። ያቺ ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች እናንተ ማውሱን ይዛችሁ የምትፈዙት ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ምስኪን እኮ አላረጀም፣ ሥራ እየጠበቀ ነው።

ግን ደግሞ በጭፍን ራም ግዙ አልልም። የዘወትር ሥራችሁን ክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሚሞሪን እዩ። ከ8 ጊጋው አምስቱ ብቻ ከተያዘ ችግራችሁ ራም አይደለም፤ ገንዘቡን ለኤስኤስዲ አውሉት። ሰባት ተኩል ከሆነ ግን መልሱ ተገኘ። እዚያው ላይ ስንት ማስገቢያ እንደተያዘም ይጽፍላችኋል።

አሁን ወደ ገበያው። እነዚህ ማሽኖች የሚቀበሉት ዲዲአር-3 ነው፤ ዲዲአር-4 ጥርሱ ራሱ አይገጥምም፣ በጉልበት አትሞክሩት። ብዙዎች የሚሸወዱት ግን እዚህ ጋ አይደለም። የራሙን ወረቀት አንብቡ። ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። “አር” ከሆነ ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ነው፣ “ኢ” ከሆነ ስህተት የሚያርመው ግን ሬጂስተርድ ያልሆነው ነው፣ “ዩ” ደግሞ ተራው የዴስክቶፕ ነው። “አር”ን ከሌሎቹ ጋር ከቀላቀላችሁ ማሽኑ አይነሳም፤ ጮሆ ዝም ይላል። ትልልቅ ሰርቨሮች ሲወገዱ የሚወጣው “አር” ብዙ ጊዜ ርካሽ ስለሆነ ሻጩ “ይሠራል፣ አታስብ” ብሎ ለተራ ዴስክቶፕ ይሸጠዋል። ተራ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ነባሩን ራም ነቅላችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በፊደሉ የሚመስለውን ፈልጉ። (ስትነቅሉ ኮምፒውተሩን ከሶኬት አላቁ፣ የሳጥኑንም ብረት ንኩ፤ የሰውነታችሁ ኤሌክትሪክ ለራም ጠላት ነው።)

ሌላው ነገር፣ የእነዚህ ማሽኖች ፕሮሰሰር ከራም ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ነው። አንድ 16 ጊጋ ከምትሰኩ አራት ባለ 4 ጊጋ ብትሰኩ አራቱም መስመር ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ይህን የነገረኝ ሰው እስካሁን የለም!

“ለምን ትለፋለህ፣ አዲስ ግዛ” የሚል አይጠፋም። በምን ብር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የላፕቶፕ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ሆኗል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ራሙን እየሰበሰቡት የዓለም ገበያ ዋጋ ተሰቅሏል። ከብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ በ8 ጊጋ ከገዛችሁት በ8 ጊጋ ይኖራል። አሮጌው ሳጥን ግን ደመወዝ በወጣ ቁጥር ሁለት ሁለት እየጨመራችሁ የምታሳድጉት ነው። ሥራው ገና ያልጠና ወጣት ኤዲተር በብድር ላፕቶፕ ገዝቶ ዓመት ሙሉ ለዕዳ ከሚሠራ ይህ አይሻለውም?

አዎ፣ እንከን አለው። መብራት ይበላል፣ ይሞቃል። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ሊኑክስ ግን በደስታ ይቀበላቸዋል፤ ለፕሪሚየር ሱሰኞች ባይመችም ለብሌንደርና ለዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚሆን መንገድ አለ።

ራሙን ስትገዙ ማሽኑን ተሸክማችሁ ሂዱ (ወገባችሁን እግዜር ይጠብቀው)። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ይሰካ፣ ይነሳ፣ ጠቅላላ ጊጋው ስክሪኑ ላይ ይታይ። ማታ ቤት ስትገቡ ሜምቴስትን ጭናችሁ ሲፈትሽ ይደር፣ መብራት ካልሄደ። “ቤት ወስደህ ሞክረው” የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ራሙን መልሱለትና ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።